አንድ ብቻ የሚሠራው አገልግሎት ለማን ይሰጥ? ተፈጥሯዊ ሞኖፖልን በፈቃድ ጨረታ ስለ መቆጣጠር

መግቢያ

በአንዲት ከተማ ውስጥ ዳቦ የሚጋግሩ ብዙ ቤቶች ቢኖሩ ሸማቹ ይጠቀማል። አንደኛው ጋጋሪ ዋጋ ቢያስወድድ ወይም ሚዛን ቢያጎድል ሸማቹ ወደ ሌላው መሄድ ይችላልና። በዚያችው ከተማ መንገድ ሥር ግን ሦስት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የውሃ ቧንቧ ጎን ለጎን ቢዘረጉ ሸማቹ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም። ለሦስቱም ቧንቧ የወጣው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ የሚከፈለው ከእርሱ ኪስ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አገልግሎቶች በባሕርያቸው በአንድ ድርጅት ብቻ ሲሰጡ ይረክሳሉ፤ በብዙ ድርጅቶች ሲሰጡ ይወደዳሉ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሁኔታ ተፈጥሯዊ ሞኖፖል ይሉታል። የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የባቡር ሐዲድ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌዎች ናቸው።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ተወዳዳሪ የሌለው ድርጅት ዋጋውን እንዳሻው ቢቆልል የሚያግደው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ፣ በገበያው ውስጥ ፉክክር ባይኖርም ወደ ገበያው ለመግባት በሚሰጠው ፈቃድ ላይ ፉክክር እንዲኖር ማድረግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ዘዴ አሠራር፣ ጥቅሙንና ገደቡን በተግባር ከታዩ ምሳሌዎች ጋር ማብራራት ነው። በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በስተቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ምንነት በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ለመረዳት አንድ የታሰበ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። 10,000 አባወራዎች ያሉባት ከተማ አለች እንበል። የውሃውን መስመር ለመዘርጋትና ለመጠበቅ በየዓመቱ 1,000,000 ብር ያስፈልጋል፤ ይህ ወጪ የተጠቃሚው ቁጥር ቢያንስም ቢበዛም አይለወጥም። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ አባወራ ውሃውን ለማጣራትና ለመግፋት በዓመት 20 ብር ይወጣል። ሥራውን አንድ ድርጅት ብቻ ቢሠራው ቋሚው ወጪ ለአንድ አባወራ 100 ብር ይደርሳል፤ ከ20 ብሩ ጋር 120 ብር ይሆናል። ሁለት ድርጅቶች የየራሳቸውን መስመር ዘርግተው ተጠቃሚውን እኩል ቢካፈሉት ግን የእያንዳንዱ ቋሚ ወጪ ለ5,000 አባወራ ብቻ ስለሚከፋፈል ለአንድ አባወራ 200 ብር ይደርሳል፤ በጠቅላላው 220 ብር መሆኑ ነው። ፉክክሩ በአንድ ቤት ላይ 100 ብር ጨመረ ማለት ነው።

አንዱ ድርጅት ብቻውን ሲቀር ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ውሃ የማይተውት ነገር ስለሆነ ድርጅቱ 250 ብር ቢጠይቅም ብዙው ሰው ይከፍላል። ይህን ለመከላከል የተለመደው መንገድ አገልግሎቱን መንግሥት ራሱ እንዲያካሂደው ማድረግ ወይም ዋጋ የሚወስን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ነው። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪው እውነተኛው ወጪ 120 ብር መሆኑን በምን ያውቃል? ሒሳቡን የያዘው ድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ወጪዬ 200 ብር ነው ቢል ሐሰቱን ማጋለጥ ቀላል አይሆንም።

የሐሳቡ አመጣጥ

ሁለት የጋዝ ወይም ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ ከተማ መሥራታቸው ብክነት መሆኑን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1848 ባሳተመው የምጣኔ ሀብት መጽሐፉ አመልክቶ ነበር። በ1859 ደግሞ በከተማ ጽዳትና በሕዝብ ጤና ሥራው የታወቀው ኤድዊን ቻድዊክ ለለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር ባቀረበው ጥናት ሁለት ዓይነት ፉክክር እንዳለ አስረዳ። አንደኛው በመስኩ ውስጥ የሚደረግ ፉክክር ነው፤ ሁለተኛው ለመስኩ የሚደረግ ፉክክር ነው። በሁለተኛው ዓይነት መስኩ ለአንድ ብቻ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ማን እንደሚይዘው የሚወሰነው በተጫራቾች ውድድር ነው። ቻድዊክ ለምሳሌነት ያቀረበው በዘመኑ በፈረንሳይ ይሠራበት የነበረውን ልማድ ነው።

ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1968 በአሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በሐሮልድ ዴምሴትዝ እንደገና ተነሣ። የእርሱ ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ብቻ ያመርታል ማለት አንድ ድርጅት ብቻ ይጫረታል ማለት አይደለም። ብዙዎች ለአገልግሎቱ የሚያስከፍሉትን ዋጋ አስቀድመው ቢያቀርቡና ዝቅተኛውን ላቀረበው ፈቃድ ቢሰጥ፣ ዋጋው ወደ እውነተኛው ወጪ ይጠጋል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ አንዱ ተጫራች 180፣ ሌላው 150፣ ሦስተኛው 130 ብር ቢያቀርቡ፣ ከተማይቱ የማንንም መዝገብ ሳትመረምር ከ250 ብር ወደ 130 ብር ወረደች ማለት ነው። መንግሥት ያላወቀውን ወጪ የተጫራቾቹ ፉክክር ገለጠው።

ይህ እንዲሆን ግን ሊሟሉ የሚገባቸው ሁኔታዎች አሉ። ተጫራቾቹ በቁጥር በቂ መሆን አለባቸው፤ በስውር መስማማት የለባቸውም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያና ዕውቀትም በአንዱ እጅ ብቻ የተያዘ መሆን የለበትም።

ጨረታው በምን ይለካ?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የአሸናፊነት መለኪያው ነው። ለመንግሥት ከፍተኛውን የፈቃድ ክፍያ ያቀረበ ያሸንፍ ቢባል፣ ተጫራቾቹ ወደፊት ከሞኖፖሉ የሚያገኙትን ትርፍ አስልተው ያንኑ ለመንግሥት ይከፍላሉ። በምሳሌያችን በ250ና በ120 ብር መካከል ያለው የ130 ብር ልዩነት በ10,000 አባወራ ሲባዛ በዓመት 1,300,000 ብር ይሆናል። ግምጃ ቤቱ ይህን ገንዘብ ያገኛል፤ ውሃ ቀጂው ግን ያንኑ 250 ብር ይከፍላል። እንዲህ ያለው ጨረታ ሞኖፖሉን አይገታውም፤ ትርፉ ወደ ማን እንደሚሄድ ይለውጣል እንጂ። ስለዚህ ዓላማው ሸማቹን መርዳት ከሆነ መለኪያው ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ መሆን ይኖርበታል። አገልግሎቱ ራሱን በማይችልበት ቦታ ደግሞ መለኪያው ከመንግሥት የሚጠየቀው ድጎማ ማነስ ሊሆን ይችላል። ቺሌ በ1994 ባቋቋመችው ፈንድ አማካይነት ለገጠር የሕዝብ ስልክ የሠራችው በዚህ መንገድ ነው፤ ዝቅተኛውን ድጎማ የጠየቀው ድርጅት ፈቃዱን ያገኝ ነበር።

ከውሉ በኋላ የሚመጣው ችግር

ጨረታ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ውሉ ግን ለ10፣ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ይጸናል። ከባዱ ችግር ያለው ከዚህ ላይ መሆኑን በ1976 ያሳየው ኦሊቨር ዊልያምሰን ነው። ዊልያምሰን ከጊዜ በኋላ በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሆኗል። የመረመረው በካሊፎርኒያ የምትገኘው የኦክላንድ ከተማ በ1970 በኬብል ለሚተላለፍ ቴሌቪዥን የሰጠችውን ፈቃድ ነበር። አሸናፊው ለመሠረታዊው አገልግሎት ያቀረበው ዋጋ በወር 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ብቻ ነበር። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ግን ሥራው ዘገየ፣ ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነ፣ ድርጅቱም ግዴታዎቹ እንዲቀልሉለት ጠየቀ። ከተማይቱ ውሉን አፍርሶ እንደገና ጨረታ ማውጣት ክርክርና መጓተት እንደሚያስከትል ስላየች መደራደሩን መረጠች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከጨረታው በፊት ብዙ ተጫራች አለ፤ ከጨረታው በኋላ ግን አንድ ባለውልና አንድ መንግሥት ፊት ለፊት ይቀራሉ። ባለውሉ መስመሩን ይዟል፣ ሠራተኛውን አሠልጥኗል፣ ሒሳቡን ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ተጫራች፣ በኋላ በድርድር አስተካክላለሁ ብሎ የማይቻል ዝቅተኛ ዋጋ ሊያቀርብ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያሸንፈው በሥራው የበረታው ሳይሆን በድርድር የበረታው ወይም ሒሳቡን የሳተው ይሆናል።

በዓለም ባንክ የሠሩት ሆሴ ልዊስ ጉዋሽ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ይህ ችግር የአንዲት ከተማ ብቻ አለመሆኑን ያረጋግጣል። በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000 ከተሰጡት ከ1,000 በላይ የኮንሴሲዮን ውሎች 30 በመቶ ያህሉ እንደገና ድርድር ተደርጎባቸዋል። በውሃና በፍሳሽ አገልግሎት ብቻ ሲታይ ቁጥሩ 74 በመቶ ይደርሳል። ድርድሩ በአማካይ የተካሄደውም ውሉ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

ሌላው ችግር የዘመን አለመጣጣም ነው። የውሃ ቧንቧ ለ50 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። የፈቃዱ ዘመን 10 ዓመት ቢሆን፣ ባለፈቃዱ መጨረሻዎቹ ዓመታት ሲቃረቡ ለነገ የሚሆን ቧንቧ ለመቅበር አይተጋም። የፈቃዱ ዘመን 40 ዓመት ቢሆን ደግሞ የፉክክሩ ኃይል ለአንድ ትውልድ ያህል ተኛ ማለት ነው።

የሁለት ከተሞች ታሪክ

የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቡዌኖስ አይሬስ የውሃና የፍሳሽ አገልግሎቷን በ1993 ለ30 ዓመት በኮንሴሲዮን ሰጠች። መለኪያው ከነበረው ታሪፍ ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነበር። አሸናፊው 26.9 በመቶ፣ ተከታዩ 26.1 በመቶ ቅናሽ አቀረቡ። ከአንድ በመቶ ያነሰ ልዩነት የ30 ዓመቱን ባለፈቃድ ወሰነ። ሆኖም ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1994፣ ውሉ ተከልሶ ታሪፉ በ13.5 በመቶ ከፍ እንዲል ተደረገ። በከተማይቱ ዳርቻ ያሉ አዲስ የሚገናኙ ድሃ ቤተሰቦች ለመስመር ማስፋፊያ የሚጠየቁት ክፍያ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በመሆኑም በ1997 ሌላ ድርድር ተደርጎ ወጪው በነባሮቹ ደንበኞች ላይ ጭምር እንዲከፋፈል ተወሰነ። በ2002 የአርጀንቲና ገንዘብ ከዶላር ጋር የነበረው እኩልነት ሲፈርስ ታሪፉ በፔሶ ታግዶ ቀረ፤ የድርጅቱ ዕዳ ግን በዶላር ነበር። በመጨረሻም መንግሥት ውሉን በመጋቢት 2006 ሰርዞ ሥራውን ለመንግሥታዊ ድርጅት አስረከበ።

ይህ ሁሉ ሲነገር የተገኘውን ውጤት መዘንጋት አይገባም። በ2005 የታተመ የሦስት ተመራማሪዎች ጥናት፣ በአርጀንቲና የውሃ አገልግሎታቸው ወደ ግል በተዛወረ አካባቢዎች የሕፃናት ሞት 8 በመቶ፣ እጅግ ድሃ በሆኑት አካባቢዎች ደግሞ 26 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ አመልክቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የታሪፍ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ቧንቧው ከየትኛው ቤት ደጃፍ ደረሰ፣ ከየትኛውስ ቀረ የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው።

የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ በበኩሏ በ1997 ከተማይቱን ምሥራቅና ምዕራብ ብላ ለሁለት ከፍላ ለ25 ዓመት ጨረታ አወጣች። ይህም የአንዱን ሥራ ከሌላው ጋር ለማነጻጸር እንዲቻል ነበር። ነባሩ ታሪፍ ለአንድ ሜትር ኩብ 8.78 ፔሶ ሲሆን የምሥራቁ አሸናፊ 2.32፣ የምዕራቡ አሸናፊ 4.97 ፔሶ አቀረቡ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ ደረሰና የፔሶ ዋጋ ወደቀ። ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የውጭ ዕዳ 90 በመቶው የተጫነበት የምዕራቡ ባለፈቃድ ሊቋቋመው ስላልቻለ በ2002 ማብቂያ ከውሉ ለመውጣት ጠየቀ፤ ድርሻውም በ2006 እንደገና በጨረታ ለሌላ ባለቤት ተላለፈ። የምሥራቁ ግን ጸና። በ1997 ከሚያመርተው ውሃ ከግማሽ በላዩ ሒሳቡ ሳይሰበሰብ የሚባክን ሲሆን፣ ከ2010 ወዲህ ይህ ብክነት ወደ 11 በመቶ ገደማ ወረደ። ታሪፉ ግን በጨረታው ከቀረበው 2.32 ፔሶ እጅግ ከፍ ማለቱ አልቀረም። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓይነት ውል፣ አንድ ቀን የተከፈተ ጨረታ ሁለት የተለያዩ ፍጻሜዎች አገኙ። ልዩነቱን ካመጡት ምክንያቶች አንዱ የዕዳው አከፋፈል ነበር።

የቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ደግሞ ፉክክር የሌለበት ጨረታ ምን እንደሚመስል ታሳያለች። በ1999 የ40 ዓመት ኮንሴሲዮን ሲወጣ የቀረበው ተጫራች አንድ ብቻ ነበር። ፈቃዱ በድርድር ተሰጠው፤ በ2000 መጀመሪያ ታሪፉ ሲጨምር ሕዝቡ በተቃውሞ ተነሣ፤ በሚያዝያ 2000 ውሉ ፈረሰ። አንድ ተጫራች ብቻ ያለበት ጨረታ ስሙ ጨረታ ይሁን እንጂ ከዴምሴትዝ ሐሳብ ጋር ዝምድና የለውም።

ከልምድ የተገኙ መፍትሔዎች

ከእነዚህና ከመሳሰሉት ልምዶች በመነሣት የተሞከሩት መፍትሔዎች በሚከተሉት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

ሀ/ ባለቤትነትንና አሠሪነትን መለየት። በፈረንሳይ በስፋት በሚሠራበት አንድ ዓይነት ውል ቧንቧውና ማጣሪያው የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ሆነው ይቀራሉ፤ ባለፈቃዱ የሚረከበው ሥራውን ማካሄድ ብቻ ነው። በዚህም የውሉን ዘመን ማሳጠርና ባለፈቃዱን መለወጥ ይቀላል። ፈረንሳይ በ1993 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ ውሎች ለውድድር ክፍት እንዲሆኑ አስገድዳለች። ፓሪስ ግን በ2010 የውሃ አገልግሎቷን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መልሳለች፤ ጨረታ ከብዙ መንገዶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

ለ/ የፈቃዱን ዘመን ከገቢው ጋር ማያያዝ። ቺሌ በ1998 ከሳንቲያጎ ወደ ቫልፓራይሶና ቪኛ ዴል ማር ለሚወስደው አውራ ጎዳና ያወጣችው ጨረታ መለኪያ ባለፈቃዱ በጠቅላላው ሊሰበስብ የሚፈልገው ገንዘብ የዛሬ ዋጋ ነበር። ዝቅተኛውን የጠየቀ ያሸንፋል፤ ያ ገንዘብ ሲሟላ ፈቃዱ ያበቃል። ተሽከርካሪ ከበዛ ዘመኑ ያጥራል፤ ካነሰ ይረዝማል። ስለዚህ ባለፈቃዱ የትራፊክ ማነስን ምክንያት አድርጎ እንደገና እንደራደር የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል።

ሐ/ ተቆጣጣሪውን አስቀድሞ ማቋቋም። ጨረታ ተቆጣጣሪን ያስቀራል የሚለው የመጀመሪያው ተስፋ በተግባር አልተረጋገጠም። የዋጋ ማስተካከያ ደንብ፣ የጥራት ልክ፣ የሒሳብ አመዘጋገብ ሁሉ ከጨረታው በፊት ተጽፈው መገኘት አለባቸው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለማቋቋም መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

መ/ የማይቻል ዋጋ የሚያቀርበውን መከላከል። ከፍ ያለ የሥራ አፈጻጸም ዋስትና ማስያዝ፣ ድርድር የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች በውሉ ውስጥ ዘርዝሮ መወሰን፣ ተጫራች አንድ ብቻ ሲሆን ጨረታውን መሰረዝ ከዚህ የሚቆጠሩ ናቸው።

ሠ/ ድሃውን በውሉ ውስጥ ማሰብ። መስመሩ ወደ ዳርቻ መንደሮች በስንት ዓመት እንደሚደርስና የመገናኛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጨረታው ሰነድ ካልተጻፈ፣ ዝቅተኛው ዋጋ መስመር ላላቸው ብቻ ዝቅተኛ ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ ልምድ

በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ የኮንሴሲዮን ውል በ1886 ዓ.ም. (በ1894 እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት የባቡር መንገድ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በጨረታ የተሰጠ አልነበረም። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው ሥራው ቆመ። በ1908 አዲስ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የ99 ዓመት መብት መስጠት ብቻውን ሥራው በጊዜው ለመፈጸሙ ዋስትና እንደማይሆን ይህ ታሪክ ያስታውሳል።

በቅርቡ ዘመን የሚጠቀሰው በ2021 የተካሄደው የቴሌኮም ፈቃድ ጨረታ ነው። ሊሰጡ ታስበው የነበሩት ፈቃዶች ሁለት ሲሆኑ የቀረቡት ተጫራቾችም ሁለት ነበሩ። 850 ሚሊዮን ዶላር ያቀረበው የኩባንያዎች ኅብረት ፈቃዱን አገኘ፤ 600 ሚሊዮን ዶላር ያቀረበው ሌላው ተጫራች ሳይቀበሉት ቀሩ። ይህ ጨረታ ከላይ ከተገለጸው ዘዴ በዓላማው ይለያል። ጨረታው ሞኖፖልን ለአንድ ለመስጠት ሳይሆን ነባሩን ሞኖፖል ለማብቃት የተደረገ ነው፤ በገንዘብ በኩል የተወዳደሩትም ሸማቹ በሚከፍለው ታሪፍ ሳይሆን ለመንግሥት በሚገባው የፈቃድ ክፍያ ነው። ታሪፉን እንዲገታ የታሰበው ከጨረታው በኋላ በሁለቱ ድርጅቶች መካከል የሚደረገው ፉክክር ነው። ስለዚህ «ጨረታ» የሚለው ቃል አንድ ቢሆንም ሁለቱን አሠራሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ለክፍል ትምህርት የሚሆን መልመጃ

ይህን ርእስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ከላይ የተሰጠው የከተማይቱ ምሳሌ በቂ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን በአምስት ቡድን ከፍሎ ለአራቱ የተለያየ የወጪ መጠን በምስጢር ሊሰጣቸው ይችላል፤ አምስተኛው ቡድን ማዘጋጃ ቤት ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር የፈቃድ ክፍያ፣ በሁለተኛው ዙር የውሃ ዋጋ መለኪያ ይሁን። በሦስተኛው ዙር መምህሩ አሸናፊውን ለብቻው ጠርቶ ወጪው በ30 ብር እንደ ጨመረ ይነግረዋል፤ አሸናፊውም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ይደራደራል። ማዘጋጃ ቤቱ የተነገረው ጭማሪ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያያሉ። ዊልያምሰን በኦክላንድ ያገኘውን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተረዱት ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ተፈጥሯዊ ሞኖፖልን በፈቃድ ጨረታ የመቆጣጠር ዘዴ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይኸውም መንግሥት ሊያውቀው ያልቻለውን እውነተኛ ወጪ በፉክክር እንዲገለጥ ማድረጉ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ተጫራቾች ሲበዙ፣ መለኪያው ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ሲሆን፣ የአገልግሎቱም ዓይነት በግልጽ ተለይቶ ሲጻፍ ነው። ጨረታው ውሉን መጠበቅን አይተካም። እንዲያውም ውሉ በረዘመና ንብረቱ በከበደ መጠን የጠባቂው ሥራ ይከብዳል። እቅድ አውጪው ሊመረምረው የሚገባው በጨረታው ቀን የተነበበውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በ5ኛውና በ10ኛው ዓመት በዳርቻው መንደር የምትኖር ባልቴት ለአንድ እንስራ ውሃ የምትከፍለውንም ጭምር ነው።